የመሃሉ ዙር የት ገባ?

ዛሬም እንደ ልማዴ ረጅም ነውና ሻይም ቡናም ቀርቦላችሁ አንብቡት። መሪ ይዞ የሚያነብ ካለ ግን ስልኩን ያስቀምጥ፤ ቅጣቱን እኔ አልከፍልለትም። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

የዛሬው ጉዳይ ሩጫና ቴሌቪዥን ነው። ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው ጎዳና አካባቢ ታክሲውን አቁሞ ቡና የጠጣ ሁሉ ይህን ክርክር ያውቀዋል። የኦሊምፒክ ሰሞን ነው እንበል። የቤቱ ቴሌቪዥን ተከፍቷል፤ 10 ሺህ ሜትር ተጀመረ። ሁለት ዙር እናያለን። ማስታወቂያ ይገባል፤ የኢንሹራንስ፣ የመኪና፣ የመድኃኒት። ከማስታወቂያ ሲመለሱ ምርኩዝ ዝላይ ነው። ቀጥሎ የአንድ የአጭር ርቀት ሯጭ እናት ስለ ልጃቸው አስተዳደግ ይናገራሉ። እናቲቱን እግዜር ይስጥልን፣ ግን ሩጫው የት ደረሰ? እንደገና ማስታወቂያ። ሦስት ዙር ሲቀር ይመለሱና ተናጋሪው "እኛ በሌለንበት ጊዜ ከፊት ያሉት ወደ አምስት ወርደዋል" ይላል። ቤቱ ይጮሃል። ማን ቆረጠው? ማን መራ? የኛ ልጅ መቼ ወደ ኋላ ቀረ? መልስ የሚሰጥ የለም። እነሱ በሌሉበት ጊዜ ነዋ ውድድሩ የተካሄደው!

ብዙ ሰው ይህን "ፈረንጅ ረጅም ሩጫ አይወድም" ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ባይ ነኝ። ይህ ነገር 60 ዓመት ያለፈው ታሪክ አለው። ታሪኩን ስንከተል ጉዳዩ ከጣዕም ያለፈ መሆኑን፣ ልጆቻችን ስለ እኛ የሚያውቁትን እስከ መወሰን እንደሚደርስ እናያለን።

ከሮም እንጀምር። 1960 ዓ.ም.፣ መስከረም 10 ቀን፣ ምሽት። የዚያ ዓመቱ ኦሊምፒክ ለአውሮፓ በቴሌቪዥን በቀጥታ የተሰራጨ ነበር። አሜሪካ ግን ሳተላይት አልነበራትምና ሲቢኤስ የተባለው ጣቢያ 394 ሺህ ዶላር ከፍሎ የተቀረጸውን በአውሮፕላን ወደ ኒው ዮርክ እያስመጣ ያሳይ ነበር። 394 ሺህ ዶላር! ዛሬ በዚህ ገንዘብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ደህና ቤት ማግኘት ራሱ ከባድ ነው።

በዚያ ምሽት አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ሩጫ የዓለም ሕዝብ አእምሮ ውስጥ የቀረው ምስል ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ባዶው እግርና የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ያለው መጨረሻ። መሃሉስ? በመሃሉ አበበ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ትከሻ ለትከሻ በጨለማ ውስጥ፣ ወታደሮች ችቦ በያዙበት መንገድ፣ ረጅም ርቀት አብሮ ሮጧል። ጣልያን ከአገራችን ነቅሎ የወሰደው የአክሱም ሐውልት በዚያን ጊዜ እዚያው ሮም፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ ቆሞ ነበር፤ መንገዱም በአጠገቡ ያልፋል። አበበ ተቀናቃኙን ጥሎ የሄደው ያንን ሐውልት ምልክት አድርጎ ነው። አስቡት እንግዲህ! መጨረሻውን ብቻ ላየ ሰው አንድ ባዶ እግሩን የሮጠ ሰው አሸነፈ፤ መንገዱን ለተከታተለ ሰው ግን አንድ የክብር ዘበኛ ወታደር በተዘረፈ ሐውልቱ ሥር ቀጠሮ ይዞ ነበር።

"በዚያ ዘመን ቴክኖሎጂው ስላልነበረ ነው" የሚል ይኖራል። ለዚህ መልሱ ቶኪዮ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1964፣ የጃፓኑ ኤንኤችኬ ማራቶኑን ከመነሻ እስከ መድረሻ በቀጥታ አሳየ። ያኔ ካሜራ ማለት እንደ ቁም ሳጥን የሚከብድ ዕቃ ነው። ጃፓኖቹ መኪና ላይ ጭነው፣ ምልክቱን በአየር እያቀባበሉ፣ ከስታዲየሙ ወጥቶ እስከ መመለሻው ድረስ የሚሄደውንና የሚመለሰውን መንገድ ሁሉ ሸፈኑት። አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ 40 ቀን እንኳን አልሞላውም ነበር። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው፤ ሣሩ ላይ ተኝቶም ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ኮን ኢቺካዋ የተባለው ዳይሬክተር ስለዚያ ኦሊምፒክ በሠራው ፊልም ውስጥ ካሜራው አበበ ፊት ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ቃለ መጠይቅ የለም፣ ጋጋታ የለም፤ የሚሮጥ ሰው ፊት ብቻ። ያን ያየ ሰው ማራቶን አሰልቺ ነው አይልም።

ሌላም ልንገራችሁ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በዚያው በ1957 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ከቶኪዮው ማራቶን ጥቂት ቀናት በኋላ። የጃፓን ገበሬ ቤቱ ቁጭ ብሎ አበበን ሙሉ ሁለት ሰዓት ሲያየው የአበበ የራሱ አገር ሰው በሬዲዮ ነው የሰማው። እኛ ከመጀመሪያውም ሩጫችንን በጆሮ ያየን ሕዝብ ነን።

ወደ አሜሪካ ስንመጣ ደግሞ ሙኒክ 1972 ትልቅ ትምህርት አለው። ያን ማራቶን ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ነበር። በአራት ዓመት በፊት ሜክሲኮ ላይ ወርቅ ያገኘው ማሞ ወልዴ በ40 ዓመቱ ነሐስ አመጣ። ኤቢሲ ጣቢያ ደራሲውን ኤሪክ ሲጋልን ተናጋሪ አድርጎ አስቀምጦ ነበር፤ ሲጋል ሾርተር በተማረበት ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። አንድ አስመሳይ ልጅ ከሾርተር ፊት ቀድሞ ስታዲየም ሲገባ ሲጋል ሥራውን ረስቶ እንደ ደጋፊ ጮኸ። ብዙ የአሜሪካ ሰው መንገድ ላይ መሮጥ የጀመረው ያን ካየ በኋላ እንደሆነ ይነገራል። እንግዲህ አሜሪካ ውስጥ ማራቶን በቴሌቪዥን አይታይም ያለው ማነው? የራሳቸው ሰው ከፊት ሲሆን ታይቷል፤ ተወድዷል፤ ሕዝብም አስነስቷል።

ከዚያ ሞስኮ 1980 መጣ። ኤንቢሲ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ውል ገብቶ ነበር። አሜሪካ ውድድሩን አድማ ስትመታ ጣቢያውም ስርጭቱን ተወው። ስለዚህ ምሩፅ ይፍጠር በ5 ሺህም በ10 ሺህም ወርቅ ሲያገኝ፣ መሐመድ ከድር በ10 ሺህ ነሐስ ሲጨምር፣ እዚህ አገር ያለው ተመልካች አላየም። "ማርሽ ቀያሪው" የሚለውን ስም እኛ ከአባቶቻችን አፍ ሰማነው፤ እዚህ ያለው ሰው ግን ማርሹ ሲቀየር ያየበት ቀን የለም። መኪና የሚነዳ ሰው ይገባዋል፤ ማርሽ መቀየር ትርጉም የሚኖረው ከዚያ በፊት በስንተኛ ማርሽ ስትሄድ እንደነበር ሲታወቅ ነው። ምሩፅ በሁለቱም ውድድር መጨረሻው ሲቃረብ ነበር የሚፈተለከው። ከዚያ በፊት ግን እሱና ጓደኞቹ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ እያደረጉ የሌላውን እግር ሲያደክሙ ነበር። የመጨረሻው 300 ሜትር ደመወዝ ነው፤ ሥራው የተሠራው ቀድሞ ነው።

በ1984ና በ1988 እኛ ራሳችን ቀረን። በ1992 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ጀርባ ብዙ ዙር ተከትላ፣ መጨረሻው ላይ አልፋት ወርቁን ወሰደች፤ ሁለቱ ተያይዘውም ስታዲየሙን ዞሩ። አፓርታይድ ገና ባልተቀበረበት ሰዓት ጥቁርና ነጭ አፍሪካዊት እጅ ለእጅ! በዚያው ዓመት ኤንቢሲ ውድድሮችን በቀጥታ ማየት ለሚፈልግ በክፍያ ሦስት ተጨማሪ ቻናሎች አዘጋጅቶ ነበር። የገዛው ሰው ጥቂት ሆነና ጣቢያው 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከሰረ። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ "ታሪክ መንገር" አዞረ። ስፖርቱን እንደሆነ ሳይሆን እንደ ድራማ ቆርጦ ማታ ላይ ማሳየት ማለት ነው።

የዚህ ጫፉ ሲድኒ 2000 ነው። ከወንዶች ቅርጫት ኳስ የዋንጫ ጨዋታ በስተቀር ሁሉም ማለት ይቻላል ተቀድቶ ነው እዚህ የታየው። ሲድኒ ማታ ሲሆን ዋሽንግተን ገና ማለዳ ነው። እኔ ያኔ ለአገሩ አዲስ ነበርኩ። በማለዳ በስልክ ካርድ አዲስ አበባ ደውለን ውጤቱን ሰምተን፣ ተቃቅፈን፣ ቀኑን ሙሉ ሠርተን፣ ማታ ያላወቅን መስለን ቴሌቪዥን ፊት እንቀመጥ ነበር። ያ ኦሊምፒክ ለእኛ ምን እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ኃይሌ በ10 ሺህ፣ ደራርቱ በ10 ሺህ፣ ሚሊዮን ወልዴ በ5 ሺህ፣ ገዛኸኝ አበራ በማራቶን፤ አራት ወርቅ።

ኃይሌ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። በዚያው ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ወንዶች ፍጻሜ አንደኛው ሞሪስ ግሪን 9.87፣ ሁለተኛው አቶ ቦልደን 9.99 ነው የገቡት፤ ልዩነቱ 0.12 ሰከንድ። ማለትም 25 ዙር የተሮጠው ውድድር ከ100 ሜትሩ ይልቅ ተቀራርቦ አለቀ! ከዚህ የበለጠ ድራማ የሚፈልግ ጣቢያ ካለ ምን እንደሚፈልግ አይገባኝም።

እንግዲህ ወደ ቤቴ ልግባ። ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገው ልጄ በትምህርት ቤቱ የአገር አቋራጭ ቡድን ውስጥ ይሮጣል። አንድ ቀን የኃይሌንና የቴርጋትን የመጨረሻ ዙር በስልኩ አሳየኝ። አጭር ቁራጭ ነው፤ አንድ ደቂቃ ገደማ። አይቶ ሲጨርስ "አባዬ፣ እንዲህ መሮጥ ከቻለ ከመጀመሪያው ለምን እንዲህ አልሮጠም?" አለኝ። ሳቅሁ፤ ቆይቶ ግን አልሳቅ አለኝ። ልጁ ሞኝ አይደለም። የታየው ይህ ብቻ ነው። ለእሱ ኃይሌ ማለት በመጨረሻ ላይ ፈጣን እግር ያለው ሰው ነው። ከዚያ በፊት ያሉት 24 ዙሮች፣ የኬንያዎቹ ተራ በተራ መጎተት፣ ኃይሌ የተረከዝ ጅማቱን እያመመው ከቡድኑ ላለመነጠል መታገሉ፣ አሰፋ መዝገቡ አጠገቡ ሆኖ ለነሐስ መብቃቱ፣ ይህ ሁሉ ለልጁ የለም።

የዚህን ጉዳት ለማየት መሃሉ ውስጥ ያለውን ነገር በሁለት ውድድር ላሳያችሁ።

አንደኛው አቴንስ 2004 ነው፤ የወንዶች 10 ሺህ። ኃይሌ የሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኖ፣ ተጎድቶ፣ ልምምዱ ተቋርጦ ነው የመጣው። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ወጣቶች ናቸው፤ ከፊት ሆነው ይመራሉ። ውድድሩ እየከረረ ሲሄድ ኃይሌ መቅረት ጀመረ። እነዚያ ሁለት ልጆች ምን አደረጉ? ወደ ኋላ ዞረው አዩ። ፍጥነታቸውን ቀነሱ። ጠበቁት! የኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ፣ ወርቅ ፊታቸው ቆሞ፣ ታላቃቸውን ጠበቁ። ደረሰባቸው፤ ግን አልቻለም፤ እንደገና ቀረ። ያኔ ሄዱ። ቀነኒሳ በ27:05.10 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ስለሺ ሁለተኛ፤ የኤርትራው ዘርሰናይ ታደሰ ሦስተኛ ሆኖ ለአገሩ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አገኘ። ኃይሌ አምስተኛ። ውጤቱን ብቻ ያየ "ወጣቱ አሮጌውን አሸነፈ" ይላል። መሃሉን ያየ ግን ስለ ታላቅና ታናሽ ለልጁ የሚነግረው ነገር አለው። ዩ ስትሪት ላይ ደግሞ በዚያ ውድድር ሐበሻ ሁሉ አንድ ላይ ነበር ያጨበጨበው።

ሁለተኛው ሪዮ 2016 ነው፤ የሴቶች 10 ሺህ። አልማዝ አያና በ29:17.45 ገብታ ከ1993 ጀምሮ የቆየውን የቻይናዊቷን ዋንግ ጁንሺያ ክብረ ወሰን በ14 ሰከንድ አሻሻለች። መጨረሻውን ብቻ ብታዩ አንዲት ሴት ለብቻዋ ስትሮጥ ነው የምታዩት፤ "አሰልቺ" ትላላችሁ። ነገሩ ግን የመጀመሪያዎቹ 5 ሺህ ሜትሮች በኬንያዊቷ አሊስ አፕሮት እየተመሩ በ14:46 አለፉ፤ በራሱ እጅግ ፈጣን። ሌሎች እየተንጠባጠቡ ቀሩ። ከዚያ አልማዝ ወጣችና ሁለተኛውን ግማሽ በ14:30 ሮጠች። ድካም በሚጨምርበት ቦታ ፍጥነት ጨመረች። ይህ የሚታየው ዙር ሲቆጠር ብቻ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ10 ሺህ ሜትር ወንዶች አንዱን ዙር ወደ 65 ሰከንድ ገደማ ይሮጡታል። የሦስት ደቂቃ ማስታወቂያ ማለት ሦስት ዙር ያህል ማለት ነው። በማራቶን ደግሞ አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ። ሦስት ጊዜ ማስታወቂያ ከገባ አቴንስ ላይ ቀነኒሳ ዞሮ ያየባት ቅጽበት ከዚያ ውስጥ የማትወድቅበት ምክንያት የለም።

የድሮ የዲሲ ታክሲ ነጂዎች ይህን በቀላሉ ይገባችኋል። እስከ 2008 ድረስ ሒሳባችን በዞን ነበር። ተሳፋሪው የት ተነሣ፣ የት ወረደ፣ ስንት ዞን አለፈ፤ በቃ። በመሃል ትራፊክ ይዞህ ቢውል፣ መንገድ ተዘግቶ ብትዞር፣ ያ አይቆጠርም። ከዚያ ሜትር መጣ። ብዙዎቻችን ተቃውመን ሥራ አቁመን ነበር፤ ያ የሌላ ቀን ጽሑፍ ነው። ሜትሩ ግን ቢያንስ መሃሉን ይቆጥራል፤ የቆምክበትን ደቂቃም ጭምር። የአሜሪካ ቴሌቪዥን በሩጫ ጉዳይ ገና ከዞን አልወጣም።

ይህ የማሳየት ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቢቀር ተናድደን እንተወው ነበር። ግን አልቀረም፤ መቀሱ ከስቱዲዮ ወጥቶ መም ላይ ወረደ። በ2019 የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር የዳይመንድ ሊግ ውድድሮች ለቴሌቪዥን እንዲመቹ በ90 ደቂቃ ውስጥ ይጠቃለሉ አለ። ስለዚህ ከ2020 ጀምሮ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ሩጫ አይኖርም ተባለ። 5 ሺህ ሜትር ወጣ ማለት ነው። ቀጥሎ 3 ሺህ ሜትር መሰናክልም ከዋናዎቹ ዝርዝር ወጣ። እኛ ደህና የምንሮጠውን አንድ በአንድ! ኮሮና መጥቶ ዕቅዱን አፈረሰውና በ2021 ርቀቶቹ ተመለሱ። በወረርሽኝ የተረፈ ርቀት ብላችሁ መዝግቡት። በ2025 ደግሞ ማይክል ጆንሰን ያቋቋመው ግራንድ ስላም ትራክ ፊላደልፊያ ላይ ውድድሩን ከሦስት ቀን ወደ ሁለት ሲያሳጥር 5 ሺህ ሜትሩን አውጥቶ የረጅም ርቀት ሯጮቹን 3 ሺህ ብቻ አስሮጠ።

ይህ ለእኛ ሠፈር ልጅ ምን ማለት ነው? በቆጂ ወይም ደብረ ብርሃን በማለዳ ተነስቶ የሚሮጥ ልጅ እንጀራው ያለው እዚያ ውድድር ላይ ነው። የማይታይ ርቀት ስፖንሰር አያገኝም፤ ስፖንሰር የሌለው ይቀነሳል፤ የተቀነሰው ይረሳል። ገንዘብ የለም እንዳይባል፣ ኤንቢሲ ከ2021 እስከ 2032 ላሉት ስድስት ኦሊምፒኮች የተስማማው በ7.65 ቢሊዮን ዶላር ነው። ገንዘቡ በበዛ ቁጥር ማስታወቂያው በዛ፤ ማስታወቂያው በበዛ ቁጥር ዙሩ አነሰ።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ያህል፣ የራሳችንንም ጓዳ እንይ። በዚያው በሪዮ ፈይሳ ሌሊሳ በማራቶን ሁለተኛ ሆኖ መስመሩን ሲያልፍ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ በኦሮሚያ ይካሄድ የነበረውን ግድያ ለዓለም አሳየ። የኢትዮጵያ መንግሥት ቴሌቪዥን ውድድሩን በቀጥታ እያስተላለፈ ነበርና ሕዝቡ አየው፤ በኋላ በዜና ላይ ግን ያን ምስል አልደገመውም። አንዱ ለገንዘብ ሲል መሃሉን ይቆርጣል፣ ሌላው ለፖለቲካ ሲል መጨረሻውን። ሯጩ ግን ሙሉውን ነው የሮጠው።

"አሁን እኮ በኢንተርኔት ሁሉም አለ" የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ነገሩ ተሻሽሏል። የፓሪስ 2024ን የወንዶች ማራቶን እዚህ በዋሽንግተን ከሌሊቱ 2 ሰዓት (በአገር ቤት አቆጣጠር 8 ሰዓት) ጀምሮ በቀጥታ ማየት ተችሏል። ታምራት ቶላ በጉዳት በቀረው በሲሳይ ለማ ምትክ ገብቶ፣ ከቬርሳይ መልስ 28ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ባለው ቀጥ ያለ አቀበት ላይ ሄዶ፣ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ያን አቀበት ያየ ሰው ወርቁ የተገኘው የት እንደሆነ ያውቃል። ቀነኒሳ ደግሞ በ42 ዓመቱ 39ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ መጨረሱን ማየትም ለእኔ ሜዳሊያ ነበር። ግን ይህ በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ ነው። በመሃል ያሉት ውድድሮች ዛሬ አንዱ በዚህ፣ ነገ ሌላው በዚያ ክፍያ ጀርባ ናቸው፤ ልጆቻችን እጅ የሚገባው በነጻ የሚሽከረከረው የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ነው። ቴሌቪዥኑ ያስለመደውን ስልኩ ቀጠለበት።

አሁን ዋናውን ነገር ልበል። መሃሉ ሲቆረጥ የሚጠፋው ድካሙ ነው። ድካሙን ያላየ ሰው ውጤቱን ሲያይ ምን ይላል? "ተፈጥሯቸው ነው፤ ከፍታ ላይ ተወልደው ነው፤ ጂናቸው ነው፤ ልጅ ሆነው ወደ ትምህርት ቤት ሮጠው ነው" ይላል። ተናጋሪዎቹ ይህን ሲደጋግሙ ስንት ዘመን ሰማን! የእነሱ ሯጭ ሲያሸንፍ "ምን ያህል ለፍቷል" ይባላል፤ የእኛው ሲያሸንፍ "ምን ያህል ታድሏል"። ስሙ እንኳን ሳይጠራ "ኢትዮጵያዊው" ተብሎ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ከፍታ ላይ የተወለደ ሁሉ ቢያሸንፍ እኔም ደሴ ነው የተወለድኩት፤ ዛሬ ግን ፎቅ ስወጣ አረፍ እላለሁ። 24ቱን ዙር ያየ ሰው ግን ስጦታ ነው ብሎ ሊያልፈው አይችልም። ስሌቱን ያያል፣ ትዕግሥቱን ያያል፣ ሲታመም መቻሉን፣ ወንድሙን መጠበቁን ያያል።

ልጆቻችንም በዚህ አገር ስለ ራሳቸው የሚሰሙት ከሁለት አንዱን ነው፤ ታድለሃል ወይም ለፍተሃል። ልጄ ኃይሌን እንደ ታደለ ሰው ካወቀው፣ እሱ ራሱ ሦስተኛው ማይል ላይ ሲደክመው "እኔ አልታደልኩም" ብሎ ይቆማል። እንደ ለፋ ሰው ካወቀው ግን አንድ ዙር ይጨምራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው፤ ከማስታወቂያው በላይ።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። ቴሌቪዥኑ እስኪመለስ አንጠብቅ። ሙሉ ውድድሮች ዛሬ ተፈልገው አይጠፉም። ከአሌክሳንድሪያም፣ ከሲልቨር ስፕሪንግም፣ ከዲሲም ልጆቻችንን ይዘን አንድ እሑድ ከሰዓት እንገናኝ። ሞግዚት የሚያስፈልጋቸውን ሕፃናት ትተን ከአሥር ዓመት በላይ ያሉትን። የአቴንስ 2004ን 10 ሺህ ሜትር ከመጀመሪያው ተኩስ እስከ መጨረሻው እንክፈት። 27 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዩ ስትሪት ሬገን ኤርፖርት የሚያደርስ ጊዜ። ማስታወቂያ የለም፤ ወሬ የለም። ለእያንዳንዱ ልጅ ወረቀትና እስክሪብቶ እንስጥና በየዙሩ ማን እንደመራ ይጻፍ። ቀነኒሳ ዞሮ ሲያይ ቪዲዮውን አቁመን "ለምን ይመስላችኋል የዞረው?" ብለን እንጠይቃቸው። መልሳቸውን መስማት እፈልጋለሁ።

ፍላጎት ያላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፤ ቦታውን እኔ እፈልጋለሁ። ቡናው በእናንተ ነው። የኔ ፈረቃ ሊጀምር ነው፤ ቸር ሰንብቱ፣ መንገዱን ሰላም ያድርግልን።